ለዓይኗና ለጥርሷ ዋስ

አባቴ ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያበዛም። ያን ቀን ግን ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ፣ አልፎ ተርፎም አዲስ አበባ ዘነበ ወይ አለኝ። አባቴ ስለ ዝናብ ከጠየቀ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

"አባዬ፣ ማን ሞተ?" አልኩት።

"ጋሼ ይመር ወደ አኼራ ሄዱ" አለኝ። ዙሁርን ሰግደው፣ ትንሽ ጋደም ልበል ብለው፣ በዚያው ቀሩ።

ኢና ሊላሂ አልኩ። ከዚያ ቀጥሎ ወደ አፌ የመጣው ግን ለለቅሶ የሚሆን ነገር አልነበረም። "ሦስተኛውስ?" አልኩት።

"እኔም እኮ እሱን እያሰብኩ ነበር" አለ አባቴ። ስልኩን በየጆሯችን እንደያዝን ሳቅን። ከዚያ እሱ ማልቀስ ጀመረ፣ እኔም አለቀስኩ።

ሦስተኛው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከሥሩ መነሳት አለብኝ። ጋሼ ይመር በአቋራጭ የሚገቡ ሰው አይደሉም።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ አጥር ለአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። ሥራቸው የማሾ ንግድ ነው ይባላል። ማሾውን የሚገዙትም የሚሸጡትም ግን ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ ናቸው፤ ጋሼ ይመር መጋዘኑ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። እውነተኛ ሥራቸው የጋብቻ ሽምግልና ነበር። ከኛ ከተማ እስከ አሊዩ አምባ ድረስ ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው፣ እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ ጋሼ ይመርን ሳይዝ የሴት ወገን ደጅ አይረግጥም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው የሚታጠቁ ሰው ነበሩ። ከባድ ነገር ሲገጥማቸው ኮፊያቸውን ያወልቁና ውስጡን ትክ ብለው ያዩታል። በልጅነቴ "ምን ያዩበታል?" ብዬ ጠይቄያቸው፣ "መልሱን" ብለውኛል። ሄጄ ሰርቄ አይቼዋለሁ፤ ላብ እንጂ ምንም የለበትም።

ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበራቸው፤ "ለምን ቸኮሉ?" ባጃጅ ሲቀድማቸው "ለምን ቸኮለ?"፤ ልጅ ያለ ጊዜዋ ጥርስ ስታወጣ "ለምን ቸኮለች?"፤ ከከተማችን በላይ አውሮፕላን ሲያልፍ አንገታቸውን አቅንተው "የት ለመድረስ ነው ይሄ ሁሉ?" ይሉ ነበር። የሽምግልና ሕጋቸውም ከዚሁ የተቀዳ ነው። ደህና ቤት ሽማግሌ ሲመጣበት መጀመሪያ "ዘመድ እናማክር" ይላል። ሁለተኛም ሰበብ ያገኛል። በሦስተኛው እሺ ይላል። በመጀመሪያው እሺ ያለ ቤት የሚደብቀው ነገር አለው፤ ወይ ልጅቷ ታማለች፣ ወይ ዕዳ አለ፣ ወይ ሌላ ቦታ እሺ ተብሏል። ወዲያው እሺ ባለ ቤት ጋሼ ይመር ውኃ እንኳ አይጠጡም።

አንድ ድክመት ነበራቸው፤ መኪና ያማቸዋል። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ የደብረ ሲናን ዳገት መውጣት ለሳቸው ከሞት አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ነገር ነው። ሎሚ ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ ጋቢ ከነጭንቅላታቸው ተከናንበው፣ ተርማበርን አልፈው ሜዳው ላይ እስኪደርሱ አይገለጡም። ሎሚውን ከጋቢው ሥር ያሸቱታል፤ ሚኒባሱ ውስጥ የሚሰማው የሳቸው አፍንጫ ብቻ ነው። ዕድሜ ልካቸውን አዲስ አበባ ተመላልሰው ያን ገደል አንድ ቀን አላዩትም።

እንግዲህ የኔን የበረራ ትምህርት ቤት የመረጡት እኚህ ሰው ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከተማችን ውኃ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ ነበር። አውሮፕላን ማብረር እንደምፈልግ ለአባቴ ስነግረው ያልጠበቅኩትን ነገር አደረገ፤ አልሳቀም። ሲያስብበት ሰነበተና የማንጎ መሬቱን ለረጅም ዓመት ሊያከራይልኝ ቆረጠ። ያን መሬት እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ከነኢንስትሩመንቱ የሚያስተምር ቤት ፈልጊ አለኝ። ኢንስትሩመንት ማለት ደመና ውስጥ ሲገባና ውጭው ሳይታይ፣ ፊት ለፊት ያሉትን መሣሪያዎች ብቻ እያነበቡ መብረር ነው። እሱ ከሌለ ማንም አይቀጥርም። "አንድ ጊዜ ነው፣ ሰዓዳ" አለኝ አባቴ። "ቤቱ የማይሆን ቢሆን ሁለተኛ የማከራየው መሬት የለኝም።" ይህን ካለ በኋላ ነው መርዶውን የጨመረው፤ "ስለዚህ ይመር ሳያየው አይሆንም።"

"ጋሼ ይመር ስለ አውሮፕላን ምን ያውቃሉ?"

"ስለ አውሮፕላን አላልኩም። ስለ ቤት ነው ያልኩት።"

እኔ ደግሞ መርጬ ጨርሻለሁ። በቴሌግራም የማየው አንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ቢሮ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ተማሪዎች፣ ክንፉ ላይ ተደግፈው የሚስቁ። ሌሊት ሌሊት በሕልሜ እዚያ ክንፍ ላይ ተደግፌ ስስቅ አድራለሁ። መመዝገብ ብቻ ነበር የቀረኝ።

ጋሼ ይመር ነገሩን ሲሰሙ ኮፊያቸውን አወለቁ። ካዩት በኋላ ሁለት ሰው ጠሩ። አንዱ ሼህ ኑሩ ናቸው፤ ዱዓ ከማድረግ በቀር ቃል የማይወጣቸው ጸጥተኛ ሰው። ሌላው ጋሼ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ትንሽ ነገር ሲሰሙ እንግሊዝኛ የሚቀላቅሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ አባቴና እኔ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጋሼ ይመር በሽርጣቸው ላይ ለሠርግ የሚለብሱትን ኮት ደርበዋል። ደብረ ሲና ሥር ስንደርስ ጋቢው ውስጥ ገቡ፣ ሎሚው ወጣ፣ እኔም በመስኮት ወደ ሰማይ እያየሁ አላህን ትዕግሥት ለመንኩት።

የዚያ የሚያምረው ትምህርት ቤት ጥበቃ በሩ ላይ አስቆመን። "ማንን ነው የምትፈልጉት?"

"የቤቱን ባለቤት" አሉ ጋሼ ይመር።

"ጉዳዩ?"

"ጉዳዩ በር ላይ አይነገርም።"

ጥበቃው ሦስቱን ዱላዎች አየ፣ እኔን አየ፣ የሆነ ነገር የገባው መስሎት በሐዘኔታ አሳለፈን። ውስጥ ከረባት ያሰረ ፈገግተኛ ልጅ ተቀበለንና ሶፋውን አሳየን። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ጋሼ ይመር፤ እንደ ደንቡ። ከረባቱም ተነሳ፣ ጸሐፊዋም ተነሳች። በዚህ መሀል አንድ ወጣት አስተማሪ፣ ትከሻው ላይ ወርቃማ መስመር የደረደረ፣ እያፏጨ ከፎቅ ወረደ። ከደረጃው ግማሽ ላይ ሦስት ሽማግሌዎችን ከነዱላቸውና አንዲት ልጅ አጠገባቸው ሲያይ ፉጨቱ ቆመ። ወደ ኋላው አንድ ደረጃ ወጣ፣ ሁለተኛውን ዘለለ፣ ከላይ የኋላ በር ሲዘጋ ሰማን። የማንን ልጅ ምን እንዳላት እሱና አላህ ያውቃሉ።

ጋሼ ይመር ሁሉንም አይተዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኛ ከሸዋ ሮቢት ነው የመጣን። ልጃችን ሰዓዳ ትባላለች። ማብረር ልትማር ፈልጋ እናንተ ቤት ዓይኗን ጥላለች። በወግ እንጠይቅላት ብለን ነው።"

"በጣም ጥሩ ነዋ" አለ ከረባት። "አሁኑኑ እንመዝግባት። ዛሬ ለተመዘገበ ዩኒፎርሙ በነጻ ነው።"

"ዘመድ አታማክሩም?"

"አያስፈልግም፣ አባት።"

"ጤናዋን አልጠየቃችሁም።"

"እሱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።"

"የታመመ አውሮፕላን አላችሁ?"

"ኧረ ሁሉም አዲስ ናቸው።"

"አይሆንህም ብላችሁ የመለሳችሁት ተማሪስ አለ?"

"እኛ ማንንም አንመልስም" አለ ልጁ በኩራት።

ኮፊያው ወለቀ። ውስጡ ለረጅም ጊዜ ታየ። "በሉ፣ አላህ ይስጣችሁ" አሉና ሳይቀመጡ ወጡ። ጸሐፊዋ ያመጣችው የታሸገ ውኃ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ከኔ በቀር የነካው የለም።

ታክሲ ውስጥ አፌን መያዝ አቃተኝ። "ጋሼ፣ ይሄ ጋብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት ነው። ሰው ሲከፍላቸው ቢቀበሉ ምን ነውር አለው?"

"አብረሻቸው ሰማይ ልትወጪ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"ታዲያ ከጋብቻ በምን ያንሳል? ባል ቢከፋ በእግርሽ ወደ አባትሽ ቤት ትመለሻለሽ።"

አባቴን አየሁት፤ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ጋሼ ታደሰ "ቴክኒካሊ ልክ ናቸው" አሉ። ሼህ ኑሩ አሚን አሉ። በቁጣ አለቀስኩ፤ ማንም አላባበለኝም፤ ሙሽራ ታለቅሳለች ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ቤት እኔ ከነመኖሩ የረሳሁት ነበር። የቴሌግራም ገጹ ላይ ያለው ብቸኛ ፎቶ ደብዛዛ ነው። ስንደርስ የቆርቆሮ መጋዘን፣ የዘይት ሽታ፣ ጣራው ላይ እርግቦች። አንድ አውሮፕላን የፊት ሆዱ ተከፍቶ ቆሟል፤ ከሥሩ ሁለት እግር ይታያል። ዋና አስተማሪዋ ካፒቴን አልማዝ ይባላሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲቀሩ እሳቸውም ቆመው ሰሙ። ጋሼ ይመር ያንኑ ንግግር ደገሙ።

ካፒቴን አልማዝ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። "አሁን አልቀበላትም" አሉ።

ጋሼ ይመር ወደ ፊት አንድ እርምጃ ቀረቡ። "ለምን?"

"ከሁሉ በፊት የአቪዬሽን ሐኪም ይያት። ዓይኗ፣ ጆሮዋ፣ ልቧ ይታይ። ሳይታይ ገንዘባችሁን አልነካም፤ ብትወድቅ ገንዘቡ የት ይገባል? ደግሞ ክረምት እየመጣ ነው። ሰማዩ ከተዘጋ ተማሪ ቁጭ ብሎ ነው የሚከርመው። ካሉኝ አውሮፕላኖች ደግሞ ያውላችሁ፣ አንዱ ሞተሩ ተፈቷል።"

"ታሟል ማለት ነው?" አሉ ጋሼ ይመር።

"እንደዚያ በሉት።"

"ይድናል?"

"ይድናል" አለ ከአውሮፕላኑ ሥር አንድ ድምፅ። እግሮቹ የሜካኒኩ የተክሌ ነበሩ።

ከግቢው ስንወጣ የጋሼ ይመር ፊት እንደ ኢድ ማለዳ በርቷል። "አልሐምዱሊላህ፣ እምቢ አሉን" አሉ። "በመጀመሪያው ቀን የታመመ አለብን ብሎ የነገረኝ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም።" አባቴን ጨበጡት። ሼህ ኑሩ ዱዓ አደረጉ። እኔ እዚያው የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የምወደው ቤት ተቀብሎኝ እነሱ ጣሉት፣ የማልፈልገው ቤት ሲጥለኝ ደግሞ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እንዲህ ዓይነት ዘመድ ለጠላትም አይሰጥ አልኩ በልቤ።

ሕክምናውን አለፍኩ። ክረምቱ ሲወጣ ለሁለተኛ ጊዜ ሄድን፤ ይህኛው ጊዜ አንድ ጆንያ ፓፓያ ይዘን። ካፒቴን አልማዝ ጆንያውን አይተው ስጦታ አልቀበልም አሉ። ተክሌ ግን እጁን ጠርጎ አንዱን አነሳ። "የሐኪም ወረቀቷ ጥሩ ነው" አሉ ካፒቴኗ። "ግን ኢንስትሩመንት የሚያስተምር አንድ ሰው ነው ያለኝ። የያዛቸው ተማሪዎች አሉ። አሁን ብጨምርበት የሁሉም ሰዓት ይቀንሳል። እነሱ ሲጨርሱ እደውላለሁ።"

"እናመሰግናለን" አሉ ጋሼ ይመር በደስታ። ዳግመኛ ተመለስን። ዳግመኛ ተርማበር፣ ዳግመኛ ጋቢ፣ ዳግመኛ ሎሚ።

የመጠበቁ ጊዜ ነው ያቃጠለኝ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ እዚያ መስታወታም ቤት ተመዝግባ በየሳምንቱ ፎቶ ትልክልኛለች፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር መነጽር፣ ክንፍ። እኔ ውኃ ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብዬ የተበላሸ ቆጣሪ አመለክታለሁ የሚል ሰው አስተናግዳለሁ። ጋሼ ይመር በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው "አልደወሉም?" ይላሉ። "አልደወሉም" ስላቸው "ደግ፣ ደግ" ብለው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ፎቶዎቹን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ እዩት ምን እንዳሳጡኝ ብዬ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩ። "ልጅቷ ቆንጆ ናት" አሉ። "ግን ይቺ አውሮፕላን በሁሉም ፎቶ አንድ ቦታ ናት የቆመችው። ከሥሯ ሣር በቅሏል።" ስልኬን ነጥቄ ገባሁ። በኋላ ጓደኛዬን በግልጽ ጠየቅኳት። እሷም መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ "ተራ እየጠበቅን ነው" አለችኝ። ዩኒፎርሙ በመታጠብ ብዛት ሳስቷል፤ እሷ ግን ገና ከመሬት አልተነሳችም። አዘንኩላት፤ ደግሞም ደነገጥኩ። የአባቴ ማንጎ ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

ካፒቴን አልማዝ ደወሉ። ሦስተኛው ጉዞ ላይ እትዬ ሐዋ ጭምር መጡ፤ የሚሆነውን ሳላይ አልቀርም ብለው። ካፒቴኗ ገና ከበሩ ሲያዩን ሳቃቸውን ዋጡ። "እሺ ብለናል። ሰኞ ትጀምር" አሉ።

ዕንባዬ መጣ። በቃ ተፈጸመ ብዬ ወደ አባቴ ስዞር ጋሼ ይመር ዱላቸውን ወለሉ ላይ አስደገፉና፣ "እንግዲያው ዋስ ጥሩ" አሉ።

"የምን ዋስ?"

"የዓይኗና የጥርሷ።"

ላላወቀ ሰው ልንገር። በኛ አገር ሴት ልጅ ስትዳር የወንድ ወገን ዋስ ይጠራል፤ ዓይኗ ቢጠፋ፣ ጥርሷ ቢሰበር እኔን ያዙኝ የሚል። ይህን የአውሮፕላን ትምህርት ቤት የጠየቀ ሰው ግን ከጋሼ ይመር በፊት ያለ አይመስለኝም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሼ ታደሰ "ስታንዳርድ ፕሮሲጀር ነው" ብለው አስረዱ።

ካፒቴን አልማዝ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔም በሽማግሌ ነው የተዳርኩት" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ዞረው "ተክሌ" ብለው ተጣሩ።

ተክሌ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ሆኖ መጣ። ጉዳዩ ተነገረው። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም። "እሷ የምትወጣባትን አውሮፕላን የማያት እኔ ነኝ" አለ። "ለዓይኗም ለጥርሷም ዋስ እኔ ነኝ።" ጋሼ ይመር ያን ዘይታም እጅ ለሠርግ ኮታቸው እጅጌ ሳይሳሱ ጨበጡት። ከዚያ በኋላ ነው ሦስቱ ሽማግሌዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጡት። ውኃም ጠጡ።

ተክሌ ዋስነቱን የምር ወሰደው። በየበረራው ማብቂያ አውሮፕላኑን ሳያይ መጀመሪያ እኔን ያያል። "ዓይን?" ይላል። "አለ" እላለሁ። "ጥርስ?" "አለ።" ከዚያ ጎማውን ማየት ይጀምራል። አንድ ቀን መሬት ስነካ አውሮፕላኗን ክፉኛ አንጥሬያት፣ "ጥርስ?" ሲለኝ ለማረጋገጥ በምላሴ ቆጥሬያለሁ።

ኢንስትሩመንት ስንጀምር ግን ጉድ ፈላ። ልምምዱ ላይ ግንባር ላይ የሚደፋ ቆብ መሰል ነገር አለ፤ ውጭውን ይጋርድና መሣሪያዎቹን ብቻ ያሳያል። ይህን በስልክ ለእትዬ ሐዋ ስነግር ጋሼ ይመር ጎናቸው ነበሩ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ መጋዘኑ በር ላይ ከሼህ ኑሩና ከጋሼ ታደሰ ጋር ቆመው አየኋቸው። ፊታቸው ከዳገቱ የተነሳ አመድ መስሏል። ቀጥ ብለው ተክሌ ዘንድ ሄዱ።

"ለዓይኗ ዋስ ገብተህ ዓይኗን ታስሸፍናለህ?"

ተክሌ ዞሮ እኔን አየኝ። ካፒቴን አልማዝ ነገሩን ሲሰሙ አልተከራከሩም፤ ጋሼ ይመርን ክንዳቸውን ይዘው ወደ መለማመጃው ክፍል አስገቧቸው። መሬት ላይ የተተከለ እንደ አውሮፕላን አፍንጫ ያለ ነገር ነው፤ ወንበር፣ መሪና የመሣሪያዎቹ ሰሌዳ አለው። አስቀመጧቸው፣ ኮፊያቸው ላይ ቆቡን ደፉላቸው። ጋሼ ይመር ሎሚያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሁላችንም ኋላቸው ተደርድረን ቆምን።

"ምን ይታይዎታል?" አሉ ካፒቴኗ።

"የግድግዳ ሰዓት የመሰለ ብዙ ነገር።"

"ውጭውስ?"

"አይታይም።"

"ፈሩ?"

ጋሼ ይመር ሎሚውን አሸቱ፣ አሰቡ። ያስቡበት የነበረው ኮፊያ ቆቡ ሥር ስለሆነ ማውለቅ አልቻሉም፤ ስለዚህ መልሱ ቆየ። "ውጭው ምን ይሠራልኛል?" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ተርማበርን ዕድሜ ልኬን የወጣሁት እንዲህ ነው።"

ካፒቴን አልማዝ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ግድግዳ ተደገፉ። ጋሼ ይመር ቆቡን አውልቀው መለሱና ተክሌን ይቅርታ ጠየቁ። ወደ ቤት ሲመለሱ ከመጋዘናቸው በር ላይ ሆነው ለአላፊ አግዳሚው ኢንስትሩመንት የሚባለውን እሳቸውም እንደሞከሩት፣ ከባድ እንዳልሆነ ሲያወሩ ከረሙ። የከተማው ባጃጅ ነጂ ሁሉ የምማረውን ከኔ በፊት ያውቀው ነበር።

ፈቃዴን ይዤ በአንዲት ትንሽ የኪራይ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ሆኜ ስቀጠር አባቴ መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ጓደኛዬም ያን ቤት ትታ ካፒቴን አልማዝ ዘንድ መጣች፤ እምቢ ብለው መለሷት፣ ኋላ ተቀበሏት። እኔም ጋሼ ይመርን ላሳፍራቸው ፈለግኩ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ፣ አጭር በረራ። ብጠይቃቸው ሣቁብኝ። "ማን ላከሽ?" አሉኝ። ገባኝ። ሼህ ኑሩንና ጋሼ ታደሰን ሽማግሌ ላክሁባቸው።

አሥር ጊዜ አብረው የተላኩ ጓደኞቻቸውን ፀሐይ ላይ አቆሟቸው። ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡማ። ሰሙ ሰሙና፣ "ዘመድ ላማክር" አሉ። ከቤት ውስጥ የእትዬ ሐዋ ሳቅ ይሰማል። ሁለተኛ ጊዜ ስልክባቸው፣ "ጉልበቴ ታሟል። ቤት ውስጥ የታመመ እያለ አይሆንም" ብለው መለሱ። ሦስተኛውን ከአረፋ በኋላ ለመላክ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረን ነበር። አረፋ ሳይደርስ አባቴ ስለ ዝናብ ጠየቀኝ።

ለቅሶ ስደርስ እትዬ ሐዋ ከሴቶቹ መሀል ተነስተው እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አጥራችን ላይ የተጋደመች የሎሚ ዛፍ አለቻቸው። አንዷ ቅርንጫፍ ላይ ጨርቅ ታስሯል፤ ሎሚዋ ተንዠርጋለች፣ የተቀረው ዛፍ ተለቅሞ አልቋል።

"ከዚች ማንም እንዳይነካ ብሎ ነበር" አሉኝ። "ለመንገድ ነው አለኝ። ተርማበርን ልትወጣ ነው? ብዬ ብጠይቀው፣ ከሱም ከፍ ይላል አለኝ።"

"እሺ ሊሉኝ ነበር ማለት ነው?"

"ገና አንቺ ስትጠይቂው ነው እሺ ያለው። ልብሱን ሁሉ አሳጥቦኛል። ግን ምን ይበሉት? በመጀመሪያው ቀን እሺ አለ ይበሉት?" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነባቸው። አቅፌያቸው ቆምኩ። ጋሼ፣ ለምን ቸኮሉ? አልኩ በልቤ፤ አንድ አረፋ ብቻ ነበር የቀረው። እትዬ ሐዋ ከቅርንጫፏ አንድ ሎሚ ቀጥፈው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ በረራ ነበረኝ። ተርማበር በደመና ተሸፍኗል፤ ውጭው ነጭ ብቻ ሆነ። ዓይኔን መሣሪያዎቹ ላይ አደረግኩ። ወዲያው ደመናው ሲከፈት ቆላው ከታች ተዘረጋ፤ ሮቢ ወንዝ፣ የማንጎው አረንጓዴ፣ የከተማው ቆርቆሮ። አብሮኝ የሚበርረው ካፒቴን ሽታው ስቦት ዞረ። ሎሚው መሪው አጠገብ ተቀምጧል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ።

"የተሳፋሪ ነው።"

ወደ ኋላ ዞሮ መቀመጫዎቹን አየ። "የታል ታዲያ?"

"ዘመድ እያማከሩ ነው" አልኩት።